የእናትህ ስም ማን ነው?

አውደ ነገሥትን አገላብጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ አይመስለኝም። አንዳንዱ አምኖበት ይገልጠዋል፤ አንዳንዱ ሊስቅበት ይገልጠዋል፤ የሚበዛው ግን እየሳቀ የራሱን ኮከብ ያወጣበታል። በተማሪነቴ ዘመን አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ሸራ አንጥፈው መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ከልቦለዱና ከመዝሙረ ዳዊቱ ጋር ጎን ለጎን ይደረድሩት ነበር። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሲያወግዙት ኖረዋል፤ እሱም ሲሸጥ ኖሯል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የስምህን ፊደላት ወደ ቁጥር ትለውጣለህ፤ የእናትህንም ስም እንዲሁ፤ ሁለቱን ደምረህ በ12 ትገድፋለህ። 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሠውር፣ 3 ቢተርፍ ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። ሀብትህ፣ ትዳርህ፣ በሽታህ ሁሉ ከዚያች ትራፊ ቁጥር ይነበባል። የአባትህን ስም ግን የሚጠይቅህ የለም።

ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ትምህርት ቤት ስንመዘገብ፣ መታወቂያ ስናወጣ፣ ፍርድ ቤት ስንቆም የምንጠራው በአባታችን ስም ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የእናቱን ስም የሚናገር ሰው «አባቱ አይታወቅም እንዴ?» ተብሎ ይታማል። ደብተራው ፊት ስንቀርብ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አባት ከሒሳቡ ውጭ ነው። ታዲያ ሴት በሰማዩ ሒሳብ ይህን ያህል ቦታ ካላት በምድሩ ሒሳብ ስለምን አጣችው? ወይስ በሰማይ የተሰጣት ቦታ በምድር ለተነፈጋት የተከፈለ ካሳ ይሆን? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ ኖሯል፤ እስቲ አብረን እንየው።

ለምን እናት? የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፤ እናት አታጠራጥርም። አባት የሚታመን ነው፤ እናት ግን የምትታይ ናት። የሮማ የሕግ ሰዎችም ይህንኑ ብለዋል። መናፍስትና ከዋክብት እንደ ቀበሌ ጸሐፊ በቃል አይታለሉምና የማያጠራጥረውን ስም ይሻሉ ማለት ነው። በዚህ የእኛ ደብተሮች ብቻቸውን አይደሉም። ከግብጽ አሸዋ ውስጥ በተገኙት የግሪክኛ የአስማት ጽሑፎች ላይ ሰው «እገሊት የወለደችው እገሌ» እየተባለ ይጠራል። ተልሙድም ድግምት የሚደገመው በእናት ስም መሆኑን ይናገራል፤ አይሁድ እስከ ዛሬ ለበሽተኛ ሲጸልዩ የሚጠሩት የእናቱን ስም ነው። የኮከቦቹ ስሞች፣ ሐመል፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ዐረብኛ ናቸው። ሙያው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ቢባል ነውር የለበትም።

በነገራችን ላይ ከ12ቱ ስድስተኛዋን እንያት። በግሪኮችም በሕንዶችም ዘንድ ይህች ኮከብ ልጃገረድ ናት፤ ሕንዶች «ካንያ» ይሏታል፣ ድንግል ማለት ነው። ልጃገረዲቱ በእጇ የእህል ዛላ ይዛለች። ዐረቦች ለስም የመረጡት ዛላውን ነው፤ ሰንቡላ። እኛም ከእነሱ ተቀብለን ሰንቡላ አልናት። እህሉ ቀረ፣ ልጂቱ ግን ሄደች። በዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አልሻም፤ ግን ሰንቡላ ነኝ የሚል ጓደኛ ባጋጠመኝ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

የእናትን ነገር ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን ሕንዶች ናቸው። የሕንድን ፊልም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የሕንድ አስተማሪም ያላስተማረው የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። የሕንድን የኮከብ ቆጠራ ግን እምብዛም አናውቀውም። በእነሱ ሥርዓት ፀሐይ የአባት ምልክት ናት፤ ጨረቃ የእናትና የልቡና ምልክት። የሰው የልደት ኮከቡ የሚባለው በተወለደባት ሰዓት ጨረቃ ያደረችበት ማደሪያ ነው። ማደሪያዎቹ 27 ናቸው፤ 27ቱም ሴቶች ናቸው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ዳክሻ የሚባለው አባት 27 ሴት ልጆቹን ለጨረቃ ዳረለት። እዚያ ጨረቃ ወንድ ነው፤ እንደ እኛ «ጨረቃ ወጣች» አይባልም። ባልየው አንዷን፣ ሮሂኒን፣ ብቻ ወደደና ከእሷ ቤት አልወጣም አለ። የቀሩት 26ቱ ለአባታቸው አቤት አሉ። አባትም ረገመው፤ ከስቶ እንዲያልቅ። ኋላ ምልጃ ገባና እርግማኑ ቀለለ፤ ግማሹን ወር ይከሳል፣ ግማሹን ይፋፋል። እስከ ዛሬ ጨረቃ በየወሩ የምትጎድለው፣ እንደ ሕንዶቹ፣ ሴቶች ተበድለው ስለ ጮኹ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ተነስቶ «የጥንት ሰው የሴትን መንፈሳዊ ኃይል ያውቅ ነበር፤ የዘመኑ ሰው ረሳው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በምዕራቡ ዓለም እንዲህ የሚሉ መጻሕፍት ሞልተዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ እቆማለሁ። አውደ ነገሥት የእናትን ስም ይጠይቃል እንጂ እናትን አይጠይቅም። ስሟ የሚፈለገው የልጁን ዕድል ለማወቅ ነው። ቁልፉ በእሷ እጅ አይደለም፤ ቁልፉ ራሷ ናት፤ ቁልፍ ደግሞ ቤቱን ከፍቶ አይገባም፣ ይከፈትበታል። እኔ በልጅነቴ ሰባት ቤት አባቶቼን እንድቆጥር ተገድጄ በቃሌ ይዣለሁ። እናቶቼንስ? እናቴንና የእናቴን እናት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለችውን ሴት ስም በቤተ ዘመዳችን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። አያቴ ኮከቧን ያስቆጠረችው በዚያች ስሟ በጠፋ ሴት ስም መሆኑ ነው።

ሕንድም ቢሆን ሰማዩ ለሴት ሁሌ ቸር አይደለም። ማርስ በተወሰኑ ቤቶች ላይ ሳለች የተወለደች ልጅ «ማንግሊክ» ትባላለች፤ ባሏን ትቀብራለች ተብላ ትፈራለች። ደንቡ ለወንድም እንደሚሠራ ይነገራል፤ ስሟ የሚከፋው ግን ሴቲቱ ናት። መፍትሔ ተብሎ መጀመሪያ ከዛፍ ወይም ከእንስራ ጋር ትዳራለች፤ ክፉው ዕጣ በዛፉ ላይ እንዲያልቅ። በእኛም አገር «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የፈረሰ እጮኝነት አለ፤ ከዚያ በኋላ «ገፊ ናት» እየተባለች ሰፈር የምትቀረው ማን እንደሆነች አንባቢ ያውቃል። የደብተራውን ክታብም ብናይ እንዲሁ ነው። በብራና የሚጻፈው፣ በባለቤቲቱ ቁመት ልክ የሚለካው ክታብ በብዛት የተጻፈው ለሴቶች ነው። ጸሎተ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ከአራስ ቤት ለማባረር ይደገማል። ጻፊው ወንድ፣ ፈረሰኛው ቅዱስ ወንድ፣ ለባሿ ሴት፣ ጠላቷም ሴት።

ወደ አማልክቱ እንሂድ። ከሕንድ የሴት አማልክት ሁሉ የታወቀችው ዱርጋ ናት። ማሂሻ የሚባለው የጎሽ ጋኔን ከወንድ ወገን ማንም እንዳይገድለው ቃል ተሰጥቶት ነበር። ሴትን ከቁጥር አላስገባትም። አማልክቱ ሁሉ ሲሸነፉ ከየራሳቸው ነበልባል አወጡ፤ ነበልባሉ ተጠራቅሞ ሴት ሆነ። አንዱ ጦሩን፣ አንዱ ቀስቱን፣ አንዱ መብረቁን ሰጣት፤ በአንበሳ ተቀምጣ ሄዳ ጎሹን ገደለችው። ይህ ከ1,400 ዓመት በላይ ሲተረክ የኖረ ታሪክ ነው። በዓሏ በኮልካታ ከተማ በየዓመቱ እንዴት እንደሚከበር የሰማ ያውቃል፤ ዩኔስኮም በ2021 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። በጭቃ የተሠራው ምስሏ ለቀናት ከተሰገደለት በኋላ በሆታ ታጅቦ ወንዝ ውስጥ ይጣላል።

ሕንዶች ይህን ኃይል «ሻክቲ» ይሉታል። ያለ ሻክቲ ሺቫ ራሱ ሬሳ ነው ይላሉ። ከዚህ በላይ ለሴት ምን ክብር አለ? እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር የማስበው መሣሪያዎቹን ነው። ሁሉም የተዋሰቻቸው ናቸው። የተጠራችው ወንዶቹ ሲያቅታቸው ነው፤ ሥራውን ጨርሳ ስታበቃ ወደ ወንዙ ትሸኛለች። ኢንድራ ጋንዲ ከ1971ዱ ጦርነት ድል በኋላ «ዱርጋ» እየተባሉ ተወድሰዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ተቃዋሚዎቻቸውን ሲያስሩ ደግሞ ውዳሴው ምንም አልጠቀመም። አምላክ የተባለች ሴት አትጠየቅም፤ የማትጠየቅ ሴት ደግሞ የምትሰማ ሴት አይደለችም።

በኔፓል ያለው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ልብ ይነካል። ካትማንዱ ውስጥ ኩማሪ የምትባል ሕፃን አለች። ከነዋር ሕዝብ መካከል ገና በሦስትና በአራት ዓመቷ ትመረጣለች፤ አምላክ ናት ተብላ በተለየ ቤት ትኖራለች፣ እግሯ መሬት አይረግጥም፣ ንጉሦች ዘውዳቸው እስከ ወደቀበት እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ከእግሯ ሥር ሰግደው ቡራኬ ሲቀበሉ ኖረዋል። የመጀመሪያው የወር አበባዋ የታየ ዕለት አምላኳ ከላይዋ ትነሳለች። ልጂቱ ተራ ሰው ሆና ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ የሚያገባት ወንድ ዕድሜው ያጥራል እየተባለች። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ መቆየት ነበረብኝ። ኃይሉ በእሷ ውስጥ የሚኖረው ሴት እስክትሆን ድረስ ነው ማለት ነው።

አራት ኪሎ ሆኖ ይህን ለሚያስብ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን በዓታ ለማርያም ነው። በዓታ ማለት መግባቷ ማለት ነው፤ እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ የገባችበትን ቀን ታኅሣሥ 3 ያከብራል። በእኛ ትውፊት 12 ዓመት በመቅደስ ኖራ፣ ከመልአክ እጅ እየተመገበች፣ በ15 ዓመቷ ወጣች። በያዕቆብ ስም የሚጠራው በሁለተኛው መቶ ዘመን የተጻፈው ጥንታዊ መጽሐፍ ካህናቱ ልጂቱ 12 ዓመት ሲሞላት መቅደሱን እንዳታረክስ ብለው መማከራቸውን ይተርካል። ነገሩ የኩማሪ ነገር ነው አልልም፤ ሃይማኖቱም ምሥጢሩም ሌላ ነው። ካህናቱን ያስጨነቃቸው ጉዳይ ግን አንድ ነው።

ይህ ጭንቀት ዛሬም በቅጥሩ ዙሪያ አለ። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ አትዘልቅም፤ ከደጅ ተሳልማ ትመለሳለች። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ፤ በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገብተዋልና። ሊቃውንቱ «ኃጢአት አይደለም፣ ሥርዓት ነው» ይላሉ። የሚሉትን አምናለሁ። ነገር ግን የበዓሉ ዕለት ጃንጥላ በጃንጥላ ሆኖ «መግባቷን» ሲዘመር ከቅጥሩ ውጭ ቆማ የምትሰማ ሴት ምን እንደምታስብ መጠየቅ ሥርዓትን መንካት አይመስለኝም። ሕንድ ውስጥ ነገሩ ተካርሮ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአሳም ባለችው በካማክያ ቤተ መቅደስ በየዓመቱ በሰኔ ገደማ አምላኳ የወር አበባዋ መጣ ተብሎ ደጁ ለሦስት ቀን ይዘጋል፤ በአራተኛው ቀን ሕዝቡ ቀይ ጨርቅ ለበረከት ይሻማል። የአምላኳ ደም በረከት ሆነ ማለት ነው። በደቡብ ባለችው በሳባሪማላ ደግሞ ከ10 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት አትገባም ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ትግባ ብሎ ፈረደ፤ በጥር ወር ሁለት ሴቶች በሌሊት ሲገቡ ካህናቱ መቅደሱን ዘግተው የማንጻት ሥርዓት ፈጸሙ። አንድ አገር፣ አንድ ሃይማኖት ነው። ደሙ የአምላክ ሲሆን ለበረከት ይታሰራል፣ የጎረቤት ሴት ሲሆን ይታጠባል።

በዓታ ሌላም ነገር ያስተምራል። እዚያ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ሁለት ሴቶች ተቀብረዋል፤ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ። ጣይቱ ከተማችንን በ1879 ዓ.ም. ስም አውጥተው የቆረቆሩ፣ በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ የመቀሌን ምሽግ ውሃ ያስያዙ፣ ምኒልክ ሲታመሙ መንግሥቱን በእጃቸው ያንቀሳቀሱ ሴት ናቸው። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አወጧቸው። ዘውዲቱ ደግሞ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ክብረ ነገሥት ከማክዳ በኋላ ሴት አትንገሥ እያለ ነገሡ። ሥልጣኑ ግን በእንደራሴው በራስ ተፈሪ እጅ ነበር፤ ዓመት በዓመት ወደዚያው ሲያጋድል ኖሮ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲያርፉ የቀራቸው ዘውዱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አንደኛዋ ኃይሉ ነበራቸው፣ መብቱ አልነበራቸውም። ሁለተኛዋ መብቱ ነበራቸው፣ ኃይሉ አልነበራቸውም። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ካለው ፓርላማም ከጥቅምት 2011 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ሴት ርእሰ ብሔር አይተናል፤ ሕገ መንግሥቱ ለዚያ ወንበር ምን ያህል ሥልጣን እንደሰጠ የሚያውቅ ያውቃል።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል። «ሁሉንም ነገር በሥልጣን ለምን ትለካለህ? በእኛ ዘንድ የሴት ኃይል ምሕረት ነው» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በዓመት 33 በዓል ለእመቤታችን የምናከብር ሕዝብ ነን። 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ በስሟ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሲድን፣ ጥላዋ ሚዛኑን ሲደፋው፣ የፍርድን ሒሳብ ያዛባችው ሴት ናት። ሕንዶቹ ለሴት ጦር ሰጧት፤ እኛ ሚዛን የሚደፋ ጥላ። የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ደግሞ ማንም ያልደፈረውን ደፍራለች። እግዚአብሔርንና ሰይጣንን ላስታርቅ ብላ ተነሳች። ሰይጣን ይዟት ወደ ሲኦል ወረደ፤ ቅዱስ ሚካኤል ሲያስጥላት ባዶ እጇን አልተመለሰችም፣ ብዙ ነፍሳት አስከትላ ወጣች። የዓለምን ክፋት ከሥሩ ለመንቀል ይህን ያህል የደፈረ አሳብ በወንዶቹ ገድል ውስጥ አላየሁም። ገድሏም ብዙ ቦታ ላይ «እኔ» እያለች በራሷ አንደበት ትናገርበታለች፤ ጸሐፊው ወንድ ቢሆንም። ሱስንዮስን ተቃውማ በጣና ዙሪያ ማኅበር ያቆመችው ወለተ ጴጥሮስም አለች። በቅርቡም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ ዘርፈዋል።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ደስም ይለኛል። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ምልጃ በሌላ ዙፋን ፊት የሚቀርብ ነገር ነው። በሰማይ ይህ ከፍተኛ ክብር ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለሊቃውንቱ ልተወው። በምድር ግን «ሴት ምሕረት ናት» የሚለው አነጋገር ቶሎ ብሎ «ሴት ትማር፣ ትለምን፣ ትቻል» ወደሚል ይለወጣል። የተደበደበች ሚስት ለሽማግሌ ስትቀርብ የሚነገራት ይኸው አይደለም? የሚማረው እሱ፣ የምትምረው እሷ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያወጣ ሕዝብና 33 በዓል የሚያከብር ሕዝብ አንድ መሆኑን ልንክደው አይገባም።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ላውጋችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ መውረጃ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግሁት። በግቢያችን እትዬ እያልን የምንጠራቸው እናት ነበሩ። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ድምፃቸው አይሰማም። ባላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ደመ ቁጡ፤ እትዬ ለቤት ወጪ ሳንቲም ሲጠይቁ እንኳ ግድግዳ ተደግፈው ነበር። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ግን ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከእናታቸው የወረሱት ጨሌ ከሣጥኑ ይወጣል። ያኔ እትዬ ይቀየራሉ። ያጓራሉ፣ ይፎክራሉ፣ ባላቸውን በስማቸው ጠርተው «አንተ!» ይላሉ። ገብስማ ዶሮ፣ ሽቶ፣ አዲስ ኩታ ያዝዛሉ። ያ ቁጡ ሰው እጁን አጣምሮ «እሺ ጌታዬ» ይል ነበር። ለዛሩ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም። ሲነጋ እትዬ ምንም አያስታውሱም፤ ኩታው ግን በትከሻቸው ላይ ነው።

ዛር ሴትን ለምን ይመርጣል? በአፈ ታሪኩ ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15ቱን ሸሸገች፤ ተሸሽገው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው፤ እነሱ ናቸው ዛሮች። እዚህም ነገሩ የሚጀምረው ከእናት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ የመልካም አያሁን የዛር ቤት ሲመዘግብ ያየው ጉድ እኛ ሰፈር ካየሁት ብዙ አይለይም፤ የዛሯ አለቃ ሴት ናት፣ ሕመምተኛው፣ ባለ ዕዳው፣ ቀናተኛው ሁሉ ከእግሯ ሥር ነው። ብሪታኒያዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ሉዊስ ደግሞ ሶማሌዎችን አጥንቶ ይህ ሁሉ በገዛ ድምፃቸው መናገር የተከለከሉ ሴቶች በመናፍስት ድምፅ የሚያቀርቡት አቤቱታ ነው ብሏል። ትንታኔው ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉን ነገር አያሟጥጥም። እትዬ ያስመስሉ ነበር ብዬ አላምንም። ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰዋስው ነው። እትዬ በሕይወታቸው ደፍረው «እኔ» ያሉት እሳቸው እሳቸው ባልሆኑባት ሌሊት ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት ባልየው የሰጡትን ትእዛዝ ሊሽሩት አይችሉም ነበር፤ ግን በማግስቱ የሚያጸናውም ትእዛዝ አልነበረም። ኩታ እንጂ የቤት ወጪ አልተጠየቀም።

ወንዙን ተሻግረን ኦሮሞዎች ዘንድ ስንሄድ አቴቴን እናገኛለን። የሸዋ አማራም አቴቴን ያውቃል፤ ጨሌዋን፣ ቅቤዋን። በኦሮሞ ሥርዓት ግን ከአቴቴ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ፤ ሲንቄ። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች። ይህች በትር መማጠኛ አይደለችም። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በሁለት ጠበኞች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይቆማል። አንድ ባል ሚስቱን፣ ይልቁንም አራሷን፣ ከመታ እልልታዋን ታሰማለች፤ የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሕፃናቱን ለባሎቻቸው ትተው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሰውየው በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን አምኖ ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። ርግማናቸው ይፈራል፤ ምክንያቱም ቅዱስ ነው። እምቢ ማለት ግን ርግማን ብቻ አያስከትልም፤ የሚያርድ ከብትም አለ፣ የሚከፍል ሰውም አለ፣ የሚመሰክር ሽማግሌም አለ።

ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኩማሪ ቅድስት ናት፤ የምትፈርደው የለም። የእናት ስም በአውደ ነገሥት ቅዱስ ነው፤ ስሙ የሚመልሰው ለሌላ ጥያቄ ነው። ዛሩ ይፈራል፤ ሲነጋ ይሄዳል። ሲንቄ የያዘች ሴት ግን በቀን ብርሃን፣ በገዛ ስሟ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ትቆማለች፤ ቅድስናዋ ወደ ውሳኔ ይለወጣል። እርግጥ ሲንቄን አሳምሬ እንዳልስላት እጠነቀቃለሁ። በገዳ ጉባኤ ሴት አትቀመጥም። ሲንቄ የምትሰጠው ለምታገባ ልጅ ስለሆነ ያላገባችው ወይም ያለ ሥርዓት የሄደችው በትሯም የላትም፤ እልል ብትል ማን እንደሚወጣላት አላውቅም። የተከበረች ሚስት መብት ነው እንጂ የሴት ሁሉ መብት አይደለም። ቢሆንም ከተመለከትኳቸው ሁሉ ክብሩ ለባለቤቲቱ የሚተርፍበትን ያየሁት እዚያ ነው።

በከተማው ሕግ ነገሩ በሌላ መንገድ መጥቷል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ለእትዬ ዘግይቶ ነው የመጣው። ግቢያችንም ፒያሳ ሲፈርስ በ2016 ዓ.ም. አብሮ ፈርሷል። የእትዬ ሴት ልጅ ዛር የሚባል ነገር አትሰማም፤ መዝሙር የምትዘምር፣ ደመወዝ የምታገኝ፣ በባሏ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። ጨሌው ግን አልተጣለም። ከእናቷ ጊዜ ጀምሮ በነበረበት በጣሳ ውስጥ በቁም ሣጥኗ ታች አለ፤ ለምን እንደምታስቀምጠው ስጠይቃት «የእናቴ ነዋ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።